ሶፍትዌርን ከምንጭ ኮዱ ሠርቶ ስለ መጫን፤ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ምሳሌ

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጠው ያሰብነው አንድ ሶፍትዌር ተሠርቶ ካለቀ ጥቅል ሳይሆን ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ በራስ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚጫን ነው። ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙ ነው። ዳሩ ግን አብዛኛው መብራት የማይጠፋበትን፣ ኢንተርኔት የማይቋረጥበትንና ኮምፒዩተሩ አዲስ የሆነበትን ቦታ እያሰበ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ በአዳማ (ቀድሞ ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) ወይም በሻሸመኔ የሚሠራ ሰው የሚቸገርበትን ቦታ ዘሎ ያልፈዋል። እኛም በዚያ በተዘለለው ላይ ዘግየት ብለን፣ በሌላው ላይ ፈጠን ብለን እንሄዳለን።

ለምሳሌ የመረጥነው «ሃንስፔል» የተባለውን የሆሄያት ማረሚያ ነው። ይህን ፕሮግራም የጀመረው ላስሎ ኔሜት የተባለ የሃንጋሪ ሰው ሲሆን፣ ያዘጋጀውም በአንድ ቃል ላይ ብዙ ቅጥያ ለሚደራረብበት ለአገሩ ቋንቋ ነው። ዛሬ በሊብረኦፊስ፣ በፋየርፎክስና በክሮም ውስጥ ያለው ማረሚያ ይኸው ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ የአሠራሩ ደረጃዎች በማንኛውም ተመሳሳይ ሶፍትዌር ላይ የሚያጋጥሙት ናቸው፤ ሁለተኛ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚፈለግ ነገር ነው።

ለምን እንደሚፈለግ ለማየት «ኮምፒዩተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ወዳለበት ትንሽ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ባለ ጉዳይ አቤቱታውን፣ ውሉን፣ የሥራ ማመልከቻውን እዚያ ያስጽፋል። በኦሮሚያ የክልሉ መሥሪያ ቤቶችና ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ አንዱ ጽሑፍ በቁቤ ይጻፋል፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሄደው ደግሞ በአማርኛ። አንዲት ጸሐፊ በአንድ ጧት ሁለቱን ስታፈራርቅ ትውላለች። በሁለቱም ቋንቋ ግን ቀይ መስመር አስምሮ «ይህን ተመልከቺው» የሚላት ነገር በኮምፒዩተሯ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስሕተት ያለበት ማመልከቻ ሲመለስ የመመላለሻውንና የዳግም ጽሕፈቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለ ጉዳዩ ነው።

እንግዲህ ተሠርቶ ያለቀ ጥቅል እያለ ከምንጩ መሥራት ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። ኢንተርኔት ካለ፣ ኮምፒዩተሩም አዲስ ከሆነ፣ የተዘጋጀውን መውሰድ ይሻላል፤ ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ሙያ አይደለም። ነገር ግን በጽሕፈት ቤቶች ካሉት ኮምፒዩተሮች መካከል ባለ 32 ቢት የሆኑ አሮጌዎች ዛሬም ይገኛሉ። ኡቡንቱ ለእነዚህ የዴስክቶፕ መጫኛ ዲስክ ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2017 በ17.10 እትሙ አቁሟል፤ ዴቢያንም እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው በ13ኛው እትሙ መጫኛውን ትቶታል። ስለዚህ እነዚህ ኮምፒዩተሮች በአሮጌው እትም ላይ ይቆያሉ፤ የሶፍትዌሩ አዲስ እትም ተሠርቶ አይደርሳቸውም። ምንጭ ኮዱ ግን ለየትኛው ኮምፒዩተር እንደሚሆን ገና ያልተወሰነ ጽሑፍ ነው። ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም በአሮጌው ላይ ሲያነበው ለአሮጌው የሚስማማ፣ በአዲሱ ላይ ሲያነበው ለአዲሱ የሚስማማ አድርጎ ወደ መሣሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል።

ሌላው ምክንያት የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል መዘጋቱ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሩቅ እየተጠራ የሚመጣ ሶፍትዌር ሁሉ እጅ ያስራል፤ በፍላሽ ዲስክ የተቀመጠ ምንጭ ኮድና አንድ ኮምፓይለር ያለው ሰው ግን ሥራውን ይቀጥላል። በፍላሽ የሚያዘው ግን ምንጭ ኮዱ ብቻ ቢሆን አይበቃም። የዴቢያን መጫኛ የመጀመሪያው ዲቪዲ ኮምፓይለሩንና አብረውት የሚሠሩትን መሣሪያዎች ይዟልና እሱንም ገልብጦ ማስቀመጥ ይገባል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ትእዛዞቹን ከዚህ በታች እንደ አነጋገራቸው በግዕዝ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ በተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ አንባቢው ያውቃል።

ምንጭ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው «ታር» በተባለው መጠቅለያ ታስሮና ተጨምቆ ነው። ታር ዱሮ ፋይሎችን በማግኔት ጥብጣብ ላይ ለማስቀመጥ የተሠራ ነበር፤ ጥብጣቡ ቢጠፋም ስሙ ቀርቷል። ጥቅሉ ሳይፈታ በፊት አለመበላሸቱ ይመርመር። አዘጋጆቹ ከጥቅሉ ጋራ 64 ምልክት ያለው የ«ሻ 256» ቁጥር የሚያወጡ ከሆነ፣ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ተቈጥሮ ከዚያ ጋራ መመሳሰል አለበት። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ለዞረ ጥቅል ይህ ምርመራ ይበልጡን ያስፈልገዋል፤ ፍላሹ በየጽሕፈት ቤቱ ሲዞር ምን ይዞ እንደሚመለስ ባለቤቱ ሁሉ ያውቀዋልና።

ከተፈታ በኋላ በመጀመሪያ የሚነበበው «ሪድሚ» የተባለው ፋይል ነው። ሃንስፔልን ለመሥራት በቅደም ተከተል አምስት ትእዛዞች ተጽፈውበታል፤ እነሱም «አውቶሪኮንፍ»፣ «ኮንፊገር»፣ «ሜክ»፣ «ሜክ ኢንስቶል» እና «ኤልዲኮንፊግ» ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ድግምት በቃሉ ይዞ ይጽፋቸዋል። አንዱ እምቢ ሲል ግን የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ማወቁ ይሻላል።

የ«ኮንፊገር» ሥራ መጠየቅ ነው። ኮምፓይለር አለ ወይ፤ ይህ ላይብረሪ አለ ወይ፤ ይህ ኮምፒዩተር ቁጥርን በስንት ባይት ይይዛል፤ እያለ በረጅም ዝርዝር ይጠይቅና ያገኘውን መልስ ለቀጣዩ ደረጃ ያስተላልፋል። ይህን ጠያቂ የሚያዘጋጀው «አውቶኮንፍ» የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ዴቪድ ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ነው። አንዳንዱ ጥቅል ጠያቂው ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በባዶው ይመጣና «አውቶሪኮንፍ» ያዘጋጀዋል። በዚህ ጊዜ አውቶኮንፍ፣ አውቶሜክ፣ ሊብቱልና አውቶፖይንት የተባሉት አራት መሣሪያዎች መኖር አለባቸው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ደግሞ የተረሳ አንድ መሣሪያ አንድ ቀን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያስገርም ነገር አለ። «ኮንፊገር» አንድ ላይብረሪ የለም ብሎ ይቆማል፤ ሰውዬው ግን ላይብረሪው መኖሩን በዓይኑ ያያል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ላይብረሪ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ሌሎች ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት የተሠራው አካል ነው፤ ሁለተኛው በእሱ ላይ ተደግፎ አዲስ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው ስለ አካሉ የሚናገረው የራስጌ ፋይል ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ሁለቱን ለያይተው ያቀርባሉ፤ ሁለተኛው በስሙ መጨረሻ «ዴቭ» የሚል ቃል አለበት። ሃንስፔል በተርሚናል ላይ ስሕተቱን እያሳየ ከጸሐፊው ጋራ እንዲነጋገር ከተፈለገ «ዊዝ ዩአይ» የሚል ምርጫ ለ«ኮንፊገር» ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የ«ኤንከርስስ» ላይብረሪ ከነ«ዴቩ» ያስፈልጋል።

በኮሌጅ ቤተ ሙከራ ያለ ተማሪ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የለውም። ይህም አይከለክለውም፤ «ፕሪፊክስ» በተባለው ምርጫ መጫኛው በራሱ ፎልደር ውስጥ እንዲሆን ማድረግ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያን ፎልደር «ፓት» በተባለው የመፈለጊያ ዝርዝር ውስጥ ካስገባ ይበቃዋል።

አሁን «ሜክ» ላይ ደረስን፤ በእኛ አገር ሁኔታ ዋናው ቁም ነገር ያለውም እዚህ ነው። ሜክን የሠራው ስቱዋርት ፌልድማን ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቦታውም ቤል ላብራቶሪ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ የምንጭ ፋይል አንድ የተሠራ ፋይል ይወጣል፤ በመጨረሻም የተሠሩት ሁሉ ተገጣጥመው ፕሮግራሙን ይሰጣሉ። ሜክ የሁለቱን ፋይሎች ሰዓት ያመዛዝናል፤ የተሠራው ከምንጩ ይልቅ አዲስ ከሆነ ይተወዋል፤ ምንጩ አዲስ ከሆነ ወይም የተሠራው ገና ከሌለ ይሠራዋል። ሌላ ብልኀት የለውም።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ለአዳማ ሰው ግልጥ ነው። ሥራው ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ይጠፋል። (እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ለከተማይቱ ቅርብ ነው፤ በዙሪያዋም 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ቆመዋል፤ የሚመነጨው ኃይል ግን ወደ አገሩ መረብ ስለሚገባ ጎረቤትነቱ ለአምፑሉ አይጠቅመውም።) መብራቱ ሲመለስ «ሜክ» ብሎ እንደገና ማዘዝ ይበቃል፤ የተጠናቀቁትን ትቶ የቀሩትን ብቻ ይሠራል። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ደቂቃ የሚወስድን ሥራ በሦስትና በአራት የመብራት ዕድሜ ከፋፍሎ መጨረስ ይቻላል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ መብራቱ የጠፋው ኮምፓይለሩ አንድ ፋይል በመጻፍ ላይ ሳለ ከሆነ፣ ያ ፋይል ጎደሎ ሆኖ በዲስኩ ላይ ሊቀር ይችላል። ጎደሎ ቢሆንም ሰዓቱ ከምንጩ ይልቅ አዲስ ስለ ሆነ ሜክ የተጠናቀቀ ይመስለዋል፤ ዘሎት ያልፋል። ችግሩ የሚገለጠው በመጨረሻ መገጣጠሚያው ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚወጣው የስሕተት መልእክት ከመብራቱ ጋራ የሚያገናኘው ምንም ነገር ያለ አይመስልም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ መብራቱ በጠፋበት ሰዓት አካባቢ የተጻፉትን የተሠሩ ፋይሎች ፈልጎ ማጥፋትና ሜክን ማዘዝ። የትኛው እንደ ሆነ ካልታወቀ «ሜክ ክሊን» ብሎ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። ኮምፒዩተር ከመብራት ሲለይ ሰዓቱን የሚጠብቅለት በእናት ሰሌዳው ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት፤ ቁጥሯም አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተር ይህች ባትሪ ሞታ ትገኛለች። እንግዲህ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔት ቢኖር ሰዓቱ ከሩቅ ይስተካከል ነበር፤ ኢንተርኔት ከሌለ ግን እንዲያው ይቀራል። ጸሐፊዋ በደብዳቤው ላይ ቀኑን በእጇ ስለምትጽፍ፣ ያውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የኮምፒዩተሩ ቀን መሳሳት ሥራዋን አይነካትም፤ ማንም ሳያየው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ሶፍትዌር ለመሥራት በተሞከረ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር ይታወካል። ታር ጥቅሉን ሲፈታ የፋይሎቹ ሰዓት ገና ወደ ፊት ያለ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። «ኮንፊገር» አንድ የሙከራ ፋይል ጽፎ ከጥቅሉ ፋይሎች ጋራ ሲያመዛዝነው፣ አሁን የተጻፈው ከተላኩት ይልቅ ያረጀ ሆኖ ያገኘዋል፤ «የኮምፒዩተርህን ሰዓት ተመልከት» ብሎም ይቆማል። በሥራው መካከል ሰዓቱ ቢዛባ ደግሞ ሜክ በሰዓት መዛነፍ ምክንያት ሥራው ያልተሟላ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ይህን ማስጠንቀቂያ በቸልታ የሚያልፍ ብዙ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ግን ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት እሱ ነው። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ከምንጭ ለመሥራት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ባትሪዋን ይለውጥ፤ ባይሆን መብራት በተመለሰ ቁጥር ከሜክ በፊት ቀኑን ያስተካክል።

ሜክ ከጨረሰ በኋላ «ሜክ ቼክ» የሚል ትእዛዝ የፕሮግራሙን የራሱን ፈተናዎች ያካሂዳል። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኛ አይዘለል እንላለን። በተለይ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ እትም ሲሠራ አዘጋጆቹ ያልሞከሩት ሁኔታ ሊኖር ይችላልና።

«ሜክ ኢንስቶል» የተሠራውን ወደ ቦታው ይወስዳል፤ ሌላ ካልተነገረው ቦታው «ዩኤስአር» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለው «ሎካል» ነው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ደስ ብሎት «ሃንስፔል» ብሎ ሲያዝ፣ የጋራ ላይብረሪው ፋይል ሊከፈት አልቻለም የሚል መልስ ያገኝ ይሆናል። ፋይሉ ግን በቦታው አለ። ምክንያቱ፣ ሊኑክስ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር ላይብረሪዎችን ለመፈለግ በየፎልደሩ አይዞርም፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ማውጫ አለውና እሱን ያነባል። አዲሱ ላይብረሪ ገና በማውጫው አልተመዘገበም። የ«ኤልዲኮንፊግ» ሥራ ማውጫውን እንደገና መጻፍ ነው። አምስተኛው ትእዛዝ በሪድሚው ላይ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከዱሮ ጀምሮ የተጫነ ሌላ ሃንስፔል ካለ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ብዙውን ጊዜ የመፈለጊያው ዝርዝር በ«ሎካል» ውስጥ ያለውን ስለሚያስቀድም አዲሱ ይነሣል፤ በእርግጥ የትኛው እንደ ተነሣ ለማየት የእትሙን ቁጥር መጠየቅ ይገባል። ሊብረኦፊስ ግን የራሱን ሃንስፔል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል እኛ በተርሚናል የሠራነው እሱን ላይለውጠው ይችላል። ሊብረኦፊስንና የእኛን የሚያገናኛቸው መዝገቡ ነው።

ፕሮግራሙ ተጭኖ ሲነሣ መጀመሪያ የሚናገረው የቅጥያውንና የቃላቱን ፋይል መክፈት አልቻልሁም የሚለውን ነው። ከምንጩ የተሠራ ሃንስፔል ማረሚያ እንጂ መዝገብ አይደለም፤ ባዶውን ነው የተወለደው። መዝገቡ ሁለት ፋይሎች አሉት። አንዱ በ«ዲክ» የሚያልቅ ሲሆን የቃላት ዝርዝር ነው፤ በመጀመሪያው መስመር የቃላቱ ብዛት ይጻፋል። ሁለተኛው በ«አፍ» ያልቃል፤ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ደስ ቢልም የመጣው ቅጥያ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በውስጡም ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ በቃሉ ላይ እንዴት እንደሚገቡ የሚናገሩ ደንቦች አሉ። የሚሠራውን መዝገብ በተርሚናል ለመፈተን መሣሪያው አሁን በእጃችን ነው።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የፊደሉ ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው፤ «ዩቲኤፍ 8» በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። በ«አፍ» ፋይሉ ላይ ኮዱ ዩቲኤፍ 8 ነው ተብሎ ካልተጻፈ ሃንስፔል የምዕራብ አውሮፓን ኮድ ይወስድና አንዱን ሆሄ እንደ ሦስት ፊደል ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መልስ ትርጉም የለውም።

የሚቀጥለው ችግር ከፊደላችን ተፈጥሮ የሚነሣ ነው። በኦሮምኛ «መጋላ» ማለት ከተማ ነው፤ ወደ ከተማ ለማለት «መጋላቲ» ይባላል። በቁቤ ሲጻፍ የቃሉ ፊደሎች ሳይነኩ በመጨረሻቸው ላይ ይጨመራል፤ ስለዚህ በ«አፍ» ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ለብዙ ስሞች ይበቃል። በአማርኛ ግን «ቤት» የሚለው ቃል «ቤቱ» ሲሆን የተጨመረ ሆሄ የለም፤ ሳድሱ ት ወደ ካዕብ ተለወጠ እንጂ። «አገር» «አገሩ» ሲሆን ር ወደ ሩ ተለወጠ። እኛ አንድ ደንብ አድርገን የምናስበውን ሃንስፔል አንድ አድርጎ ሊያየው አይችልም። ት ተነሥቶ ቱ ይተካ፤ ር ተነሥቶ ሩ ይተካ፤ ል ተነሥቶ ሉ ይተካ፤ እየተባለ ለእያንዳንዱ ሳድስ ሆሄ አንድ መስመር መጻፍ አለበት። የአማርኛን ሆሄያት 33 ቤት ብንላቸው 33 መስመር ይሆናል። ቤቴ የሚለው ኃምስ፣ ቤታችን የሚለው ራብዕ፣ ቤቶች የሚለው ሳብዕ ሌላ ሌላ 33 ይፈልጋሉ፤ ለአራቱ ብቻ 132 መስመር ማለት ነው። ይህን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ የሚጽፍ አጭር ፕሮግራም ማዘጋጀት ይሻላል፤ ለአንድ የፕሮግራም ትምህርት ክፍልም መልካም የቤት ሥራ ይወጣዋል።

ሃንስፔል በአንድ ቃል መጨረሻ ላይ ሁለት ባዕድ መድረሻ ድረስ ሊያነሣ ይችላል። «ቤቶቻችንን» በሚለው ቃል ግን ብዙ ቁጥሩ፣ ባለቤትነቱና ተሳቢው ሦስት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን አዋሕዶ እንደ አንድ መድረሻ መመዝገብ የግድ ነው። በግሦች ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስበሩ፣ ሰባሪ በሚሉት የሚለወጠው የቃሉ ውስጥ እንጂ ዳሩ ብቻ አይደለም፤ ቅጥያ ማንሣትና መጨመር ለዚህ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ግሥ ግንዶቹን ለየብቻ መዘርዘር ያስፈልጋል። ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ያዘጋጀው «ሆርንሞርፎ» የተባለው መሣሪያ ይህን በሌላ መንገድ ያየዋል፤ ሥሩንና ቅርጹን ለይቶ ይተነትናል። እሱም በምንጭ ኮዱ ስለሚገኝ ግንዶቹን በእሱ አስወጥቶ ለሃንስፔል መዝገብ ማዘጋጀት የሚቻል ይመስለናል።

ስለ ሞክሼ ሆሄያት አንድ ነገር እንጨምር። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በ«አፍ» ፋይሉ «ማፕ» በተባለው ክፍል እንደ ዘመዳሞች ሊመዘገቡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ጸሐፊዋ «ጸሀይ» ብትጽፍ ማረሚያው «ፀሐይ» የሚለውን ከሚያቀርባቸው አማራጮች መካከል ያስገባዋል። ነገር ግን የትኛው አጻጻፍ ትክክል እንደ ሆነ ማፕ አይወስንም፤ የሚወስነው «ዲክ» ፋይሉን የሚጽፈው ሰው ነው። በዚህ ላይ መምህራኖቻችን እንኳ አንድ ስላልሆኑ፣ ሁለቱንም አጻጻፍ መቀበል ወይስ አንዱን መምረጥ የሚለው ጥያቄ ከቃላቱ መሰብሰብ በፊት መልስ ማግኘት አለበት። እኛ ለጽሕፈት ቤቶች በሚሰጠው መዝገብ ሁለቱም ይቀበሉ የሚለውን እንመርጣለን፤ የተመለሰ ማመልከቻን ለመቀነስ እንጂ ጸሐፊዋን ግዕዝ ለማስተማር አልተነሣንምና።

በኦሮምኛ በኩል ሞክሼ የለም፤ ይልቁንም የርዝመትና የመጥበቅ ጉዳይ አለ። መሬት ማለት የሆነው «ለፋ» እና ለስላሳ ማለት የሆነው «ላፋ» በቁቤ የሚለያዩት አናባቢውን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ በመጻፍ ብቻ ነው። ጸሐፊው አንዱን በሌላው ቢተካ ሁለቱም እውነተኛ ቃላት ስለ ሆኑ ማረሚያው ዝም ይላል። ስለ መሬት ክርክር በሚጻፍ አቤቱታ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለውን የሚይዘው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

የቀረው ስለ ማንሣት ነው። ከምንጭ የተጫነ ሶፍትዌርን የዴቢያን የጥቅል አስተዳዳሪ አያውቀውም፤ ስለዚህ አያድሰውም፤ አያነሣውምም። የሚያነሣው «ሜክ አንኢንስቶል» ሲሆን፣ እሱም የሚሠራው ሶፍትዌሩ ከተሠራበት ፎልደር ውስጥ ሆኖ ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ያን ፎልደር የሚያጠፋ ሰው በኋላ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሊፈልግ ይገደዳል። ፎልደሩን ማስቀመጥ ካልተቻለ ጥቅሉንና «ኮንፊግ ሎግ» የተባለውን ፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። «ኮንፊገር» በምን ምርጫ እንደ ታዘዘ በዚህ ፋይል መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በዚያው ምርጫ እንደገና ከተዘጋጀ «ሜክ አንኢንስቶል» ይሠራል።